አፍንጫው ላይ ዱቄት ቀብተው መስታወት ያሳዩት

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለዎት ይህን ይሞክሩ። አፍንጫውን የሚጠርጉ መስለው ጫፉ ላይ ጥቂት ዱቄት ይቀቡና መስታወት ፊት ያቁሙት። መስታወቱን ከነካ ወይም ሌላ ልጅ ፍለጋ ከጀርባው ከዞረ ገና ነው፤ እጁን ወደ ራሱ አፍንጫ ከሰደደ ግን «ያ እኔ ነኝ» ማለቱ ነው። (የእኔው ጠረገና ላሰው።) ቤውላ አምስተርዳም የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ በቀይ ቀለም ሞክራ ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። ብዙ ልጆች ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ራሳቸውን ይለያሉ። ቢዘገይ አይደንግጡ፤ መስታወት ያልለመደ ወይም ለዱቄቱ ደንታ የሌለው ልጅም አለ።

«የኔ ነው!» የሚለው ጩኸትም በዚሁ ሰሞን ይመጣል። ስስት አይደለም፤ «እኔ» ማለትን እየተለማመደ ነው። ስለዚህ ኳሱን ከእጁ ከመንጠቅ «አዎ፣ ያንተ ነው፤ እህትህ ተጫውታበት ትመልስልሃለች» ይበሉት።

ደግሞ እንግዳ ፊት «ይህ ልጅ እኮ ዓይን አፋር ነው» ማለት ይቅር። ይሰማል፤ ሰምቶም ያምናል። «እስኪለምድዎ ነው» ይበቃል።