ክረምት ላይ ማንን ቶሎ ያዳልጠዋል? ወፍራሙን ወይስ በዕድሜ የገፋውን?

እማዬ አምና ሐምሌ ላይ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ያለው ሴራሚክ አዳልጧት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ የመጣ ጠያቂ ሁሉ "ክብደቷ ነው" ይላል። እኔ ግን ነገሩን ሳጣራው ክብደት ብቻውን ሰው እንደማያዳልጥ ገባኝ። ክብደት ሲጨምር እግር መሬቱን የሚጫንበት ኃይል ይጨምራል፣ መሬቱም ጫማውን የሚይዝበት ኃይል አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚህ እዛ ጋ ወፍራሙም ቀጭኑም ያው ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው እግር ካመለጠ በኋላ ነው፣ ከባድ ሰውነት አንዴ ካዘነበለ መመለስ ይከብዳል፣ ቦርጭ ደግሞ ወደፊት ይጎትታል፣ አወዳደቁም ይከብዳል። በጣም የከሱ አረጋውያንም አይዘናጉ፣ ዳሌያቸው ላይ ምቱን የሚያበርድ ሥጋ የለም።

ዕድሜ ግን ከክብደት ይብሳል። ወጣት ሲያዳልጠው ሌላኛው እግሩ ሳያስበው ቶሎ ይደርስለታል፣ 60 ያለፈው ሰው ግን ጡንቻውም ዓይኑም ስለደከመ እግሩ ሳይደርስ መሬት ይቀድመዋል። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ጭራሽ የረገጠው እርጥብ ይሁን ደረቅ አይታወቀውም፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም ብድግ ሲሉ ያዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ ብዙዎቹም 60 ዓመት ያለፋቸው ናቸው።

እና ምን እናድርግ? አንደኛ እርምጃ ማሳጠር። ረጅም ስንራመድ ተረከዝ ወደፊት እየገፋ ነው የሚያርፈው፣ የሚያመልጠውም ያኔ ነው፣ አጭር ስንራመድ ግን እግር ከላይ ወደታች በሙሉ መዳፉ ያርፋል፣ ጉልበትም ትንሽ ሸብረክ ይበል። ስትዞሩ ባንድ እግር አትሽከርከሩ፣ በትንንሽ እርምጃ ዙሩ።

ጫማውን ገልብጣችሁ እዩት፣ ጥርሱ አልቆ ከለሰለሰ ለክረምት አይሆንም። ጥርስ ቢኖረውም ጭቃ ከሞላው ያው ለስላሳ ነው፣ እማዬን የጣላት ይሄ ነው፣ ኮብልስቶኑን በሰላም አልፋ ጭቃ የሞላ ጫማዋን ሴራሚክ ላይ አሳረፈችው። አሁን በሩ ላይ ጆንያ አንጥፈናል፣ ማንም ሳይጠርግ አይገባም።

ሁለቱንም እጅ በፌስታል አትያዙ፣ አንዱ ነፃ ይሁን። ትልቅ ሰው ስትደግፉ ደግሞ እባካችሁ ክንዳቸውን ጨብጣችሁ አትጎትቱ፣ ሚዛናቸውን ታስቷቸዋላችሁ፣ ክንዳችሁን ስጧቸውና እነሱ ይያዙ፣ በነሱ ፍጥነት ሂዱ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ በቀን አስር ጊዜ፣ ወንበሩ ግድግዳ አስደግፉት። እማዬ መጀመሪያ ሦስቴ ነበር የምትችለው፣ አሁን ቡናው እስኪፈላ አስሩን ትጨርሳለች።