ታሪክንና ወቅታዊ ጉዳዮችን በአንድ ላይ መከለስ፦ ለሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ተፈታኞች

ለሕንድ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፣ ማታ የታሪክ መጽሐፍ ይገልጣል። ሁለቱ የየራሳቸው ደብተር አላቸው፣ ወራት አልፈውም አይገናኙም። ፈተናው ግን ዜና ላይ የወጣን ስም አንስቶ ከኋላው ያለውን ታሪክ ይጠይቃል። ስለዚህ ክለሳውም አንድ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከፈተናው ቅርጽ እንጀምር፤ ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነውና። ፈተናውን የሚያወጣው ዩፒኤስሲ የሚባለው ኮሚሽን ነው። የማጣሪያው የመጀመሪያ ወረቀት 100 የምርጫ ጥያቄ፣ 2 ሰዓትና 200 ነጥብ አለው። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 72 ሴኮንድ ነው። ትክክለኛ መልስ 2 ነጥብ ያስገኛል፣ የተሳሳተ መልስ የጥያቄውን ነጥብ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 0.66 ያህል ያስቀንሳል፣ ባዶ የተተወ ምንም አያስቀንስም። በሁለተኛው ወረቀት 33 በመቶ ማምጣት ብቻ ይበቃል፤ ወደ ዋናው ፈተና የሚያሳልፈው የመጀመሪያው ወረቀት ውጤት ነው። በዋናው ፈተና ታሪክ የሚገኘው በአጠቃላይ ጥናት አንደኛ ወረቀት ውስጥ ነው። እሱም 3 ሰዓት፣ 20 ጥያቄና 250 ነጥብ ነው። አሥሩ ጥያቄዎች ባለ 10 ነጥብ ሆነው በ150 ቃል፣ አሥሩ ባለ 15 ነጥብ ሆነው በ250 ቃል ይመለሳሉ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ማጣሪያው «ከላይ ካሉት ዐረፍተ ነገሮች ስንቶቹ ትክክል ናቸው? አንድ ብቻ፣ ሁለት ብቻ፣ ሦስቱም፣ አንዱም» የሚል ጥያቄ ማብዛት ጀምሯል። ድሮ አንዱን ዐረፍተ ነገር በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ሁለት ምርጫ ሰርዞ ይገላገል ነበር። አሁን ሦስቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። አርባ ርዕስ በደበዘዘ መልኩ ከማወቅ ሃያውን ጥርት አድርጎ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ምንጮቹን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤንሲኢአርቲ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ተቋም ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያሳትማቸው ታሪክ የያዙ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስለ ዘመናዊ ሕንድ አንድ ጠለቅ ያለ መጽሐፍ፣ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ፣ አንድ ወርኃዊ የዜና ጥራዝ እና የመንግሥት መግለጫዎች የሚወጡበት የፕሬስ ኢንፎርሜሽን ቢሮ ድረ ገጽ ይበቃሉ። በየቦታው የተሰበሰበ የሦስትና የአራት ማሠልጠኛ ተቋም ጥራዝ ክለሳን ይገድላል። አንድን ዜና በአራት የተለያየ አገላለጽ ያነበበ ሰው ያወቀው ይመስለዋል እንጂ አንዱንም ከራሱ አውጥቶ መጻፍ አይችልም።

ከጋዜጣ ምን ይወሰዳል? ለጋዜጣው ከ60 እስከ 75 ደቂቃ፣ ለማስታወሻው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መድቡ። ዜናው የሕግ፣ የተቋም፣ የስምምነት፣ የቅርስ ወይም የቦታ ስም ከሌለው እለፉት። የፓርቲ መሪዎች የቃላት ልውውጥ፣ የወንጀል ዜናና ማን የት ተጓዘ የሚለው አይጠየቅም። ስም ያለው ዜና ሲገኝ ደግሞ ወዲያው አትጻፉት፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆይ። በሳምንቱ ማብቂያ ላይ ክብደቱን ያላጣው ብቻ ካርድ ይወጣለት። ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት ካሉት ከ12 እስከ 18 ወራት ውስጥ የተሰበሰበው ሁሉ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ከ250 ካርድ ባይበልጥ ይመረጣል።

የካርዱ አሠራር

የአንድ ሙሉ ወረቀት ሩብ ይበቃል። ከላይ ዜናው በአንድ መስመር ከነቀኑ፣ ከመሃል ታሪካዊ ሥሩ፣ ከታች ሊያሳስት የሚችለው ነጥብ ይጻፋል። የታችኛው ክፍል ባዶ ከቀረ ካርዱ ገና አላለቀም።

አንዱን ሠርተን እንመልከት። ዜናው፦ ጁላይ 1 ቀን 2024 ሦስት አዳዲስ የወንጀል ሕጎች ሥራ ላይ ዋሉ። ብሃራቲያ ንያያ ሳንሂታ የ1860ውን የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ብሃራቲያ ናጋሪክ ሱራክሻ ሳንሂታ የ1973ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ብሃራቲያ ሳክሽያ አዲኒያም የ1872ቱን የማስረጃ ሕግ ተክተዋል። ሥሩ፦ ቻርተር አክት የተባለው የ1833ቱ የእንግሊዝ ሕግ የሕግ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ፤ ኮሚሽኑ በ1834 ሲቋቋም ሰብሳቢው እንግሊዛዊው ማኮሌይ ነበር፤ ረቂቁ በ1837 ተጠናቀቀ፤ ሕጉ ግን የጸደቀው ከ1857ቱ ዐመፅ በኋላ በ1860 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1862 ነው። ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሳሳትን የሚቀጣው አንቀጽ 124ኤ በመጀመሪያው ሕግ ውስጥ አልነበረም፤ በ1870 ተጨመረ። በእሱ የነጻነት ታጋዩ ቲላክ በ1897 እና በ1908፣ ጋንዲ በ1922 ተፈረደባቸው። በሜይ 2022 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደ። አዲሱ ሕግ የቀድሞውን የወንጀል ስም አስቀርቷል፤ በአንቀጽ 152 ግን የአገሪቱን ሉዓላዊነት፣ አንድነትና ምሉዕነት አደጋ ላይ የሚጥል ድርጊትን ይቀጣል። ማሳሳቻው፦ ከተተኩት ሦስት ሕጎች የሥነ ሥርዓቱ ከነጻነት በኋላ የወጣ ነውና «ሦስቱም በቅኝ ግዛት ዘመን የወጡ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር ስህተት ነው።

የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን ታሪክም በዚሁ መንገድ መያዝ ይቻላል፤ ቅርስና ቋንቋ ዜና ላይ ሲወጡ በሩ ይከፈታል። በኦክቶበር 2024 ማራቲ፣ ፓሊ፣ ፕራክሪት፣ አሳሜዝና ቤንጋሊ ጥንታዊ ቋንቋ ተብለው ሲታወቁ ጠቅላላው 11 ደረሰ። ካርዱ ከዚያ ወደ ጥንታዊው ንጉሥ አሾካ ይሄዳል፦ በሕንድ ምድር ያሉት አብዛኞቹ ድንጋጌዎቹ በፕራክሪት ቋንቋና በብራሚ ፊደል፣ በሰሜን ምዕራብ ያሉት ደግሞ በካሮሽቲ ፊደል ተቀርጸዋል። አሾካ ቡድሂስት በመሆኑ ብዙ ሰው «በፓሊ» ብሎ ይስታል። በጁላይ 2024 የቻራይዴኦ ሞይዳም የሚባለው በአሳም ያለ የአሆም ነገሥታት መቃብር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደግሞ የአሆም መንግሥት ይነሳል፦ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሱካፋ መመሥረቱ፣ በ1671 በሳራይጋት የጦር መሪው ላቺት ቦርፉካን የሙጋል ግዛትን ጦር መመለሱ፣ በ1826 አሳምን በእንግሊዝ እጅ ያስገባው የያንዳቦ ስምምነት።

የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

በዘመናዊ ታሪክ ነጥብ የሚጠፋው ባለማወቅ ሳይሆን በማምታታት ነው። ተራ የዘመን ቅደም ተከተል ደጋግሞ ማንበብ ይህን አያድንም፣ ምክንያቱም የሚምታቱት ሁለቱ ነገሮች በተለያየ ገጽ ላይ ናቸው፤ ዓይን አንድ ላይ አያያቸውም። አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ይመደብ፤ በአንድ ገጽ ላይ የሚመሳሰሉት ብቻ ይቀመጡ።

እንግሊዝ ሕንድን ለማስተዳደር ያወጣቻቸው የ1909፣ የ1919 እና የ1935 ሕጎች የመጀመሪያውን ገጽ ይይዛሉ። የ1909ኙ ሙስሊሞች ለብቻቸው የሚመርጡበትን ሥርዓት አመጣ። የ1919ኙ ያንን ለሲክና ለሌሎችም አስፋፋ፣ በክፍላተ ሀገር ደረጃም ዳያርኪ የሚባለውን ሥልጣንን ለሁለት የከፈለ አስተዳደር ጀመረ። የ1935ቱ ዳያርኪን ከክፍላተ ሀገር አንስቶ በማዕከል እንዲሆን ደነገገ፤ በልዑላን የሚገዙት ግዛቶች ሕጉ ያሰበውን ፌዴሬሽን ባለመቀላቀላቸው ግን የማዕከሉ ክፍል ሳይተገበር ቀረ። «ደነገገ» እና «ተተገበረ» የሚሉት ቃላት ልዩነት ራሱ ጥያቄ ይሆናል።

ለነጻነት የታገለው የኮንግረስ ፓርቲ ጉባኤዎች ሌላ ገጽ ናቸው። ስዋራጅ (ራስን በራስ ማስተዳደር) የሚለው ቃል በ1906 በካልካታ፣ ሙሉ ስዋራጅ በ1929 በላሆር። ለዘብተኞቹና አክራሪዎቹ በ1907 በሱራት ተከፈሉ፣ በ1916 በላክናው ተገናኙ፤ በዚያው በላክናው ኮንግረስ ከሙስሊም ሊግ ጋር ተስማምቶ ለብቻ የመምረጡን ሥርዓት ተቀበለ። የመሠረታዊ መብቶች ውሳኔ የካራቺ 1931 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የኮንግረስ ፕሬዚዳንት በ1917 አኒ ቤሳንት፣ የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት በ1925 ሳሮጂኒ ናይዱ።

ሦስተኛው ገጽ የጋንዲን ቀደምት ትግሎች ይይዛል። ቻምፓራን 1917፣ ቢሃር፦ ገበሬው ከ20 ካታ (የመሬት መለኪያ) በ3ቱ ላይ ኢንዲጎ እንዲዘራ የሚያስገድድ ቲንካቲያ የተባለ ሥርዓት። አህመዳባድ 1918፦ የወረርሽኝ ጊዜ ጉርሻ የቀረባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የ35 በመቶ ጭማሪ ጥያቄ፣ የጋንዲ ጾም። ኬዳ 1918፦ ሰብል የጠፋባቸው ገበሬዎች የግብር እፎይታ። የኋለኞቹ ሁለቱ በአንድ ዓመት በዛሬዋ ጉጃራት የሆኑ ናቸው፣ ጾሙን ወደ ኬዳ የሚወስደው ተፈታኝ ብዙ ነው።

የክለሳው ዑደት

አንድ ርዕስ በተጠና ዕለት ማታ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ10ኛው እና በ30ኛው ቀን ይመለስበታል። ክለሳው የሚጀመረው መጽሐፉን በመክፈት አይደለም። ባዶ ወረቀት ቀርቦ በቃል የሚታወሰው ሁሉ ለ10 ደቂቃ ይጻፋል፤ ከዚያ ማስታወሻው ተከፍቶ የጎደለው በሌላ ቀለም ይሞላል። በሚቀጥለው ዙር የሚነበበው ያ ሌላው ቀለም ብቻ ነው። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ያስቆርጣል፤ ግማሹ ወረቀት ባዶ ይቀራልና። ደጋግሞ ማንበብ ግን ገጹን ለዓይን ያለማምዳል እንጂ ከአእምሮ አያስወጣውም፤ በፈተና አዳራሽ ደግሞ ገጹ የለም።

ማስታወሻው በየዙሩ ማጠር አለበት። ዘመናዊ ታሪክ በመጀመሪያው ዙር 30 ገጽ ቢሆን በሁለተኛው 12፣ በመጨረሻው 3 ገጽ ይሁን። ካርዶቹም እንዲሁ፦ ሦስት ጊዜ ያለስህተት የታወሰ ካርድ ወደ ጎን ይደረግና በወር አንዴ ብቻ ይታይ። ሁሉንም ካርድ በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በሚያውቀው ላይ ነው።

የሙከራ ፈተናና የስህተት መዝገብ

ከማጣሪያው በፊት ባሉት ሦስት ወራት በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና በሁለት ሰዓት ይሠራ፤ የቀደሙት ዓመታት ጥያቄዎች ከማንኛውም የሙከራ ፈተና ይቀድማሉ። ከታረመ በኋላ ስህተቱ «ፈጽሞ አላውቀውም»፣ «አውቀው ነበር፣ ጠፋኝ»፣ «አውቀዋለሁ፣ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም» ተብሎ በሦስት ዓምድ ይመዝገብ። መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ንባብ፣ ሁለተኛው የዑደቱን ቀን ማቀራረብ፣ ሦስተኛው «ያልሆነው የቱ ነው» የሚሉ ቃላትን በእርሳስ ማስመር ይፈልጋል። በግምት የተገኘ ትክክለኛ መልስም በመጀመሪያው ዓምድ ይግባ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል፣ በእውነተኛው ፈተና ግን ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው።

ስለ ግምት ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ከአራት ምርጫ ሁለቱን በእርግጠኝነት ከሰረዛችሁ በአማካይ ለአንድ ጥያቄ 0.67 ነጥብ ታተርፋላችሁ፤ አንዱን ብቻ ከሰረዛችሁ 0.22፤ ምንም ካልሰረዛችሁ ዜሮ። 80 ጥያቄ ሠርቶ 52 ያገኘ ሰው 104 አግኝቶ በ28ቱ ስህተት 18.7 ይቀነስበታል፣ 85.3 ይቀረዋል። 70 ሠርቶ 50 ያገኘው 86.7 ይዞ ይወጣል።

በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት አዲስ ጥራዝ አይከፈት። ሦስቱ የታሪክ ገጾች፣ የሚመሳሰሉት ደብተርና ወደ ጎን ያልተደረጉት ካርዶች ብቻ ይቅረቡ።

ከማጣሪያው እስከ ዋናው ፈተና ሦስት ወር ገደማ አለ። ካርዶቹን አትጣሉ፤ አገልግሎታቸው ይቀየራል። ከላይ የሠራነው የወንጀል ሕግ ካርድ ለባለ 10 ነጥብ ጥያቄ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ 1834ቱ ኮሚሽን፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር 124ኤ ለምን በ1870 እንደተጨመረና በቲላክና በጋንዲ ላይ እንዴት እንደዋለ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ከ2022ቱ እገዳ እስከ አንቀጽ 152 ስለ ቀጠለውና ስለ ተለወጠው፣ አንድ የመዝጊያ ዐረፍተ ነገር። ለባለ 10 ነጥቡ 7 ደቂቃ፣ ለባለ 15 ነጥቡ 11 ደቂቃ ሲሰጥ ሦስቱ ሰዓት ልክ ያልቃል። ስለዚህ ልምምዱ በ6 እና በ10 ደቂቃ ይሁን፤ የተረፈው ጊዜ ለጥያቄ ንባብና ገጽ ለመግለጥ ነው። በየቀኑ ሁለት ካርድ ያለምርጫ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ በእጅ መጻፍ።