ለህንድ ሠርግ ልብስ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በህንድ የሚማሩ፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደዚያ የሚመላለሱ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከህንዳውያን ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የሚውሉ ኢትዮጵያውያን የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው የልብሱ ነገር ነው። በሱቅ መስኮት የተሰቀለው፣ በወርቅማ ክር ያሸበረቀው ሌሄንጋ (ሰፊ ረጅም ጉርድ ከአጭር የላይ ልብስ ጋር) ዓይን ይስባል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ክብደቱም ለሰዓታት ለብሰውት ሊጨፍሩበት የሚመች አይደለም። እንዲህ ያለው ልብስ የሙሽሪት ነው፤ እንግዳ እንዲለብሰው የሚጠብቅ ቤተሰብ የለም። ገንዘብንም ምቾትንም የሚያሳጡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ሱቅ ከመገባቱ በፊት፣ ጠሪውን መጠየቅ የሚገባው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ሠርጉን የአንድ ቀን ድግስ አድርጎ መቁጠር ነው። በተለይ በሰሜን ህንድ የሂንዱ ሠርግ ሂና የሚቀባበት መህንዲ፣ ሙሽሮቹ በእርድ የሚታሹበት ሃልዲ፣ የዘፈንና የጭፈራ ምሽት የሆነው ሳንጊት፣ ሙሽሮቹ እሳቱን የሚዞሩበት ዋናው ሥርዓትና በመጨረሻም የእራት ግብዣው ለየራሳቸው ጊዜ አላቸው። በሃልዲ ዕለት እርዱ ከሙሽሮቹ አልፎ እንግዶቹም ላይ ይቀባል፤ የእርድ ቀለም ደግሞ ከጨርቅ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ለዚያ ቀን የሐር ልብስ መልበስ ልብሱን መጣል ነው። ርካሽ የጥጥ ኩርታ (ረጅምና ሰፋ ያለ ሸሚዝ)፣ በተለይም ቢጫው፣ ለዕለቱ ከማንኛውም ውድ ልብስ ይበልጥ ተገቢ ነው። ዋናው ሥርዓት በበኩሉ የሚፈጸመው እንደ መልካም ዕድል በተቆጠረ ሰዓት በመሆኑ በሰሜን እስከ ሌሊት ሊዘልቅ፣ በደቡብ ደግሞ ገና በማለዳ ሊጀመር ይችላል። የትኛው ዝግጅት ላይ እንደተጠሩ፣ የት እንደሚደረግና ስንት ሰዓት እንደሚጀምር አስቀድመው ካወቁ ለአምስት ዝግጅት አምስት ልብስ አያስፈልግዎትም። አንድ የጥጥ ኩርታና አንድ ደህና የክት ልብስ፣ ለሴቶች ከሁለት የተለያዩ ዱፓታዎች (እንደ ነጠላ የሚጣሉ ስስ ሻሾች) ጋር፣ በቂ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይበልጥ ልናስብበት የሚገባው የቀለም ጉዳይ ነው። ለእኛ ነጭ የክብረ በዓል ልብስ ስለሆነ ለሠርግ ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ማውጣት ተፈጥሯዊ ነው። በብዙ የሂንዱ ማኅበረሰቦች ዘንድ ግን ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ በተለይ ባል የሞተባቸው ሴቶች ለረጅም ዘመን የለበሱት እርሱን ነበር። ይህ ማለት የአገር ልብስዎን ይተዉ ማለት አይደለም። ጥበቡ ሰፊና ደማቅ የሆነ ወይም ከነጭ በተለየ ቀለም የተሠራ የሐበሻ ቀሚስ ሠርጉን ያስውባል፣ አዲስ ልብስ ከመግዛትም ያሳርፋል። ብቻ ጠሪውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልማዱ በየክልሉ ይለያያልና። በኬራላ የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ወደ ነጭ የሚያደላው ሳሪ የሠርግ ልብስ ነው፤ በጉጅራት ሙሽራዋ ራሷ ነጭና ቀይ ትለብሳለች። ደማቅ ቀይ በሰሜንና በቤንጋል የሙሽሪት ቀለም ስለሆነ ለእርሷ መተው ይገባል። ጥቁር ዛሬ በከተሞች የእራት ግብዣ ላይ ይለበሳል፤ በእሳቱ ሥርዓት ላይ ግን ሽማግሌዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል።

ሌላው ስህተት ጨርቅን ሳይዳስሱ በዓይን ብቻ መግዛት ነው። የሠርጉ ወቅት በአብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ በተለይ በታኅሣሥና በጥር የዴልሂ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፣ ድግሱም ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው። በስስ ጨርቅ ከመንቀጥቀጥ አንድ የሱፍ ሻል መያዝ ይሻላል። በግንቦት ደግሞ እዚያው ዴልሂ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በደቡብ ባለችው በቼናይ ላይም ወበቁ በፖሊስተር የተሰፋን ልብስ መከራ ያደርገዋል። ስስ ጥጥ ወይም የጥጥና የሐር ድብልቅ የሆነው ቻንዴሪ አየር ያስገባል፣ መልኩም ለሠርግ አያንስም። ጥልፉ የብረት ክር ከሆነ ልብሱን ገልብጠው ገበር እንዳለው ይመልከቱ፤ ገበር የሌለው ጥልፍ ብብትንና አንገትን ይፈትጋል። «አርት ሲልክ» ተብሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ በልኩ ዋጋ ከተገዛ ክፋት የለበትም፣ በእውነተኛ ሐር ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራ ነው። ንጹሕ ሐር የሚፈልግ ሰው በህንድ የ«ሲልክ ማርክ» ምልክት ያለበትን ይጠይቅ።

ሳሪን ለመጀመሪያ ጊዜ በሠርጉ ቀን መሞከርም ብዙ ሴቶችን አስጨንቋል። ሳሪ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ያልተሰፋ ጨርቅ ነው፤ ከሥሩ የውስጥ ጉርድ፣ ከላይ በልክ የተሰፋ ብላውዝ፣ እጥፋቱን የሚይዙ መርፌ ቁልፎችም ያስፈልጉታል። የጨርቁ ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ እነዚህ ሲደመሩ ወጪው ይንራል፤ በሠርግ ወቅትም ልብስ ሰፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው ብላውዙ በሁለት ቀን ይደርሳል ብሎ መተማመን አይገባም። መልበስ የምትችል ጓደኛ አጠገብዎ ከሌለች እጥፋቱ አስቀድሞ የተሰፋውን ሳሪ ወይም ሳልዋር ካሚዝን (ሰፋ ያለ ሱሪ ከረጅም ሸሚዝ ጋር) ይምረጡ። እኔ ሳልዋር ካሚዝን አስቀድማለሁ፤ ወለል ላይ ለመቀመጥም ለመጨፈርም ይመቻል፣ ከሠርጉ በኋላም በአዘቦት ይለበሳል።

ለወንዶች ሸርዋኒ የተባለውን ረጅም ኮት መግዛት አያስፈልግም፤ እርሱ ይበልጥ የሙሽራው ነው። ኩርታ ከፒጃማ ሱሪ ጋር፣ በላዩም እጅጌ የሌለው የኔህሩ ጃኬት ለሁሉም ዝግጅት ይበቃል። ጥምጥሙንም ብዙ ቤተሰቦች በቦታው ለእንግዶች ያስራሉ።

ጫማን በተመለከተ ሥርዓቱ ወደሚፈጸምበት ዳስ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ ማውለቅ ስለሚኖር፣ ማሰሪያው የበዛ ባለታኮ ጫማ አይመከርም፤ ሜዳ ላይም ይሰምጣል። ጁቲ የሚባለው ጠፍጣፋ የቆዳ ጫማ ይሻላል። ሠርጉ የሲኮች ከሆነና በቤተ አምልኳቸው በጉርድዋራ ከተደረገ ወንዱም ሴቱም ጫማ አውልቆ ራሱን ሸፍኖ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ለሴቶች ነጠላችን ለዚህ ይሆናል።

የት ልግዛ ለሚል ሰው፣ ዴልሂ ላይ ቻንድኒ ቾክ ለሙሽሮች ልብስ የታወቀ ቢሆንም ለእንግዳ ዝግጁ ልብስ ላጅፓት ናጋር ይቀላል፤ በመንገድ ዳር ሱቆች ዋጋ መከራከር የተለመደ ነው። አንዴ ብቻ የሚለበስ ከባድ ሌሄንጋ ካስፈለገ በትልልቅ ከተሞች የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ሲገዙ ግን ሰፋ ያለውን ትተው የጠበበውን «ይለቃል» በሚል ተስፋ አይውሰዱ፤ ይልቁንስ የጎኑን ስፌት ገልብጠው ለማስፋት የተተወ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ያረጋግጡ። እጅጌ የሌለው የሚመስል ልብስ ከወደዱም ውስጡን ይፈትሹ፤ እጅጌው ሳይገጠም እዚያው ተያይዞ ሊገኝ ይችላል፣ ልብስ ሰፊም በአነስተኛ ዋጋ ይገጥመዋል።