የሽፍታን ታሪክ ከአዛውንቶች አንደበት እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ስለ ሽፍቶች የሚነገረውን ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው በቅድሚያ ለአነጋገሩ ይጠንቀቅ። ዘጌ ውስጥ፣ በቡና ጥላ ሥር፣ አንድ አዛውንትን «አባባ፣ አያትዎ ሽፍታ ነበሩ ይባላል» ብዬ ብጀምር ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ዝም አሉ፤ ቆይተውም «ዱር ቤቴ ያሉ ሰው ናቸው እንጂ ወንበዴስ አይደሉም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምጀምረው «ለምን ዱር ገቡ?» ብዬ ነው፤ የርስት ክርክር፣ የደም መላሽነት ወይም የሹም በደል በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ቀጥሎ «ሽፍታ ያላቸው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ ሲሆኑ፣ ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት በመንግሥት ላይ በማመፅ ተከሰው ነው። ካሣ ኃይሉም ቋራ ላይ ሸፍተው፣ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ስለነገሡ፣ ተራኪው የሽፍትነታቸውን ዘመን የሚያወራው ዘውዱን እያሰበ ነው፤ ስለዚህ ከንግሥናቸው በፊት የሚባለውን ለይታችሁ ጻፉ።

ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ከተነሡ ድምፁን ቅዱ እንጂ በጽሑፍ ብቻ አትመኑ። አዛውንቱ ዱላቸውን ይዘው ተነሥተው «ዘራፍ!» ካሉ፣ እስኪጨርሱ ድረስ አታቋርጧቸው፤ የስንኙ ትርጉም በኋላ ይጠየቃል። የመሣሪያዎቹን ስም ግን ሳትጠይቁ አትለፉ፣ ዘመን ይለያልና። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ፈረንሳዮች በ1866 ዓ.ም. ያወጡት ነው፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ካሣን ውጅግራ የሚያስይዝ ትረካ ኋላ የተጨመረበት ነው። ይህ ትረካውን ዋጋ አያሳጣውም፤ ሕዝቡ ጀግናውን በየዘመኑ እንዴት እንዳስታጠቀው ያሳያልና እንዳለ መዝግቡት።

ከብታቸው የተነዳባቸውን ቤተሰቦችና ሙሾ የሚያውቁ እናቶችንም ፈልጋችሁ ስሙ፤ ያለ እነርሱ መዝገቡ ግማሽ ነው። የገዳይና የሟች ወገኖች ዛሬም ጎረቤት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ዕርቅ መውረዱን ሳታረጋግጡ የገዳይን ስም ለማንም አታሳዩ። ሲጨርሱም የጻፋችሁትን ለአዛውንቱ አንብቡላቸው፤ የዘጌው አባባ እንዲህ ባነበብኩላቸው ጊዜ ነበር የአያታቸውን የፈረስ ስም የነገሩኝ።