ብስክሌት ግራውን አይዝም፦ አዲስ አበባ ውስጥ በብስክሌትና በእግር ሥራ መመላለስ ለሚጀምሩ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስሄድ አንድ ወጣት ብስክሌተኛ ፊት ለፊት መጣብኝ። አስቁሜ ለምን በዚህ በኩል እንደሚነዳ ጠየቅሁት። «ልጅ ሆነን ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ ተብለን የለ?» አለኝ።

ይህን መልስ ከስንት ጀማሪ ሰማሁ! ምክሩ የእግረኛ ነው። እግረኛ ግራውን የሚይዘው የሚመጣውን መኪና እያየ፣ ሲያስፈልግም አንድ እርምጃ ወደ ዳር እንዲል ነው። ብስክሌት ወደ ጎን አይራመድም። ተሽከርካሪ ነው፤ ቀኙን ይይዛል። ሂሳቡን እዩት፦ መኪናው በሰዓት 40፣ እናንተ 15 ኪሎ ሜትር ብትጓዙ፣ ከኋላ የሚደርስባችሁ በ25 ፍጥነት ነው፤ ከፊት ግን በ55። መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከቅያስ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር ዓይኑ ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ! በቀኙ የምትመጡትን እናንተን አያያችሁም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ መንገድ መሻገር ሰልችቶኝ መቶ ሜትር ያህል በግራ ነዳሁ። ከቅያስ የወጣ ሚኒባስ መታኝ። የጉልበቴ ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ስለዚህ «ለትንሽ መንገድ ብቻ» የሚለኝን ሰው አልታገሥም። ለትንሽ መንገድ ከሆነ ውረዱና እየገፋችሁ ሂዱ።

ቆሞ በሚያወርድ ታክሲ በስተቀኝ ሾልካችሁ አትለፉ፤ በሩ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው።

መቀመጫን በጣም ዝቅ ማድረግ ጉልበት ይጎዳል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ጥቂት ይቅረው።

ርቀትን ቆጥሮ ዳገትን መርሳት ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠዋት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ የሚሠራው ፍሬን ብቻ ነው። ማታ ያው መንገድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስስ አየር፣ ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሜዳ ላይ የለመደ ሰው በተለይ ይሳሳታል። መንገድ የምትመርጡት በመመለሻው ይሁን፤ ቢረዝምም ቀስ እያለ የሚወጣውን ፈልጉ። ወርዶ መግፋትም አያሳፍርም፤ ስንት ዓመት ነድቼ እኔ ዛሬም የምገፋው ዳገት አለ።

በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» የእሑድ ፕሮግራም ላይ የሚለማመዱ ወጣቶችን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መኪና በሌለበት አስፋልት ተለማምዶ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትራፊክ መሐል መግባት አይሆንም። መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መሥመሮች፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል በፊት ውጡ። እግረኛ ቢገባባችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱ እንጂ አትቆጡ፤ መሥመሩ ለእሱም አዲስ ነው።

በክረምት ጎማውም ፍሬኑም ይረጥባል፤ ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

እግርን ከትራንስፖርት አለመቁጠርም ስህተት ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቆሙ አሉ። በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የቢሮ ጫማችሁን በቦርሳ ይዛችሁ በሸራ ጫማ ሂዱ።