የፕሌቶችን ድንበር ከካርታ ላይ እንዴት እንለያለን? የስምጥ ሸለቆ ምሳሌ

የፕሌቶችን፣ ማለትም የምድርን ጠንካራ ውጫዊ ክፍል የሠሩትን በዝግታ የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ቁራጮች፣ እንቅስቃሴ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከተራሮች ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ግን ተራራ መጨረሻ ላይ ቢታይ ይሻላል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የአፍሪካ ቀንድን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ያዘጋጁና የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በድረ ገጹ በነጻ ከሚያቀርበው መዝገብ የመንቀጥቀጥ ቦታዎችን በነጥብ ያስፍሩበት። አብዛኞቹ ነጥቦች ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነስተው አፋር ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይዘው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳሉ። የኑቢያ (አብዛኛውን አፍሪካ የያዘው)፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች የሚለያዩት በእነዚህ መስመሮች ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱን ይመልከቱ። እንደ ጃፓን አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር በሚሰምጥበት አካባቢ መንቀጥቀጡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሊነሳ ይችላል፤ ፕሌቶች በሚለያዩበት ግን ለገጸ ምድር ቅርብ ነው። በነገራችን ላይ፣ መዝገቡ ላይ «10 ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር ሲደጋገም ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ በትክክል ስላልታወቀ የተሞላ ግምት ነውና አይመኑት።

አሁን እሳተ ገሞራዎቹን ያክሉ፦ ኤርታሌ፣ ዶፈን፣ ፈንታሌ፣ ቦሰት፣ አሉቶ። ሁሉም ከነጥቦቹ መስመር ብዙም አይርቁም። የምድር ቅርፊት ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ አለት ወደ ላይ ይወጣል፤ የተጫነው ግፊት ስለሚቀንስም ተጨማሪ ሙቀት ሳያስፈልገው ይቀልጣል። ይህ ቅልጥ አለት ሁልጊዜ ፈንድቶ አይወጣም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ መሬቱን በሳምንታት ጊዜ እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል። እዚያ ፕሌቶቹ የሚለያዩት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ስለሆነ፣ ያ ክፍተት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመ ውጥረት የተለቀቀበት ነበር፤ ወደ ውጭ የወጣው ግን ከጠቅላላው ቅልጥ አለት እጅግ ጥቂቱ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ለወራት የቀጠለውና አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥም ከዚሁ ዓይነት የከርሰ ምድር እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ አንድ ዋና መንቀጥቀጥ ሳይለይ መካከለኛና ትናንሽ መንቀጥቀጦች ተከታትለው ከበዙ፣ ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ።

ተራሮችን በመጨረሻ የምናያቸው ስለሚያሳስቱ ነው። ሂማላያ ሕንድ ከእስያ ጋር ተጋጭታ ያነሳችው ስለሆነ የአለቱ ንብርብር ተጣጥፏል። የስሜን ገደል ላይ ግን ንብርብሩ ከሞላ ጎደል አግድም ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ ላቫ እየተደራረበ ከሠራው በኋላ መሬቱ ከፍ ብሎ ወንዞች ሸረሸሩት። ልዩነቱን በመንገድ ዳር ለማየት ጣርማ በር ላይ ቆመው ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ። መሬቱ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው በደረጃ ደረጃ ሲሆን፣ አብዛኞቹን ደረጃዎች የሠሩት ቅርፊቱ ሲለጠጥ የተፈጠሩ ስንጥቆች ናቸው። እነዚህንም ካርታዎ ላይ ያስምሩና ከነጥቦቹ አቅጣጫ ጋር ያስተያዩ።