ሀብትንና ቤተሰብን ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር አስማምቶ ስለ መኖር

በሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አጨዳና ውቂያ የሚበረታው ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር ወር በመሆኑ፣ ሥራና ጸሎት ይበልጥ የሚጋጩት በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ኅዳር 15 ሳይደርስ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው የሚጾሙበትን ሰዓትና የጸሎትዎን መጠን እንደ ጉልበትዎ ይወስኑ፤ ሰው ሳያማክር በራሱ ላይ የሚጭነው ከባድ ሥርዓት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም።

አሥራትን በተመለከተ፣ እህሉ ወደ ጎተራ ሳይገባ ገና አውድማው ላይ በቁና ሲሰፈር፣ ከአሥሩ አንዱን ለይቶ በሌላ ስልቻ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ጎተራ ከገባ በኋላ ዘሩም፣ ዕዳውም፣ ድግሱም ይሻማዋልና። የደብረ ብርሃን ደመወዝተኛም ገንዘቡ እጁ እንደገባ ይህንኑ ያድርግ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈው ባለጠጋ የተነቀፈው እርሻው ስላፈራለት ሳይሆን፣ ጎተራውን ሲያሰፋ ለነፍሱ ያሰበላት መብልና መጠጥ ብቻ ስለነበረ ነው። ንብረትን መጥላት ጽድቅ የሚመስላቸው ስላሉ፣ ይህን ልዩነት አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ትዳርንና ልጆችን መውደድ ከእግዚአብሔር ፍቅር ጋር አይጣላም። ጻድቃኔ ማርያምን ለመሳለም ሲነሱ እናትዎ ቢታመሙና አስታማሚ ባይኖራቸው፣ በእኔ እምነት እርሳቸውን ማስታመም ከጉዞው ይቀድማል።

ከጎረቤት ጋር የድንበር ጠብ ካለብዎ ደግሞ፣ ከመቁረብዎ በፊት ሽማግሌ ልከው ይታረቁ፤ ተገፋ የተባለው ትልም ከዕርቁ በኋላ በሽማግሌዎቹ ፊት ተለክቶ ሊመለስ ይችላል።